ደረጃው አይነካ፣ ፈተናው ይነካ

የአካል ጉዳተኞች የሙያ ምዘና ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩን ባጭሩ የምትዘጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።» መዛኙ ይላታል፣ የኮሌጁ ዲን ይላታል፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ይላታል። አንዳንዴ ራሳቸው አካል ጉዳተኞቹም «ችሮታ ፈላጊ» እንዳይባሉ ሲሉ ይደግሟታል። የሚናገራት ሁሉ ፍትሕ የተናገረ ይመስለዋል። ለዘመዱ የሚያሳልፍና በጉቦ የሚፈርም ፈታኝ ያንገሸገሸን ሰዎች ስለሆንን አባባሏ ቶሎ ታሳምነናለች። አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ማሽን፤ ከዚህ በላይ ምን እኩልነት አለ?

እኔ ግን አልቀበላትም። ርኅራኄ ጎድሏታል ብዬም አይደለም፤ ርኅራኄማ ሲተርፈን ነው የኖረው። የማልቀበላት እውነት ስላልሆነች ነው። አንድ የሆነው ወረቀቱ እንጂ ፈተናው አይደለም። ያንኑ ወረቀት ለሚያይ ሰው ሲሰጡት የሙያ ጥያቄ ነው፤ ለማያይ ሰው ሲሰጡት የዓይን ምርመራ ይሆናል። መዛኙ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የሚያነበው መመሪያ ለሚሰማ ተመዛኝ የሥራ ትእዛዝ ነው፤ ለማይሰማው የአንድ ሰው ጸጉር ነው። ሁለቱ የተፈተኑት ሁለት የተለያየ ነገር ሆኖ ሳለ ውጤታቸው በአንድ መዝገብ ላይ በአንድ ቃል ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ያቺ ቃል ሰርተፊኬት ትሆናለች ወይም ትከለክላለች።

በአገራችን ሕዝቡ ለዚህ የሙያ ብቃት ምዘና የሰጠው ስም ሲኦሲ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥርዓቱን ውጤት ተኮር ሲያደርገው ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ሰውየው የት ተማረ፣ ስንት ዓመት ተማረ የሚለው ይቅርና ምን መሥራት ይችላል የሚለው ይጠየቅ። አጎቱ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሲያቀብል ያደገውም፣ ኮሌጅ ገብቶ የወጣውም በአንድ የሙያ ደረጃ ይመዘኑ። ለአካል ጉዳተኛ ይህ ከድሮው የተሻለ በር ነበር። መንገዱ ካልተጠየቀና የተጠየቀው መድረሻው ብቻ ከሆነ፣ በክራንችም በዊልቸርም የደረሰ ደረሰ ማለት ነው። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። መንገዱን ከሥልጠናው ላይ አንስተን ፈተናው ውስጥ መልሰን ተከልነው።

«ደረጃው አይነካም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ደረጃውን ገልጠው አላነበቡትም ብል የምሳሳት አይመስለኝም። የሙያ ደረጃ ሰነድ አሠራሩ ይታወቃል። እያንዳንዱ የብቃት አሃድ በንዑሳን ክፍሎች ይከፋፈላል፣ በየክፍሉ ሥር የአፈጻጸም መስፈርቶች ይዘረዘራሉ፣ መጨረሻ ላይ የማስረጃ መመሪያ አለ። እዚያ መመሪያ ላይ ብቃቱ በምን በምን ሊመዘን እንደሚችል ሲጻፍ ቃለ መጠይቅ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ምልከታ፣ ሠርቶ ማሳየት እየተባለ አማራጭ ይደረደራል። ቦታውም እውነተኛው የሥራ ቦታ ወይም ያንን መስሎ የተዘጋጀ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ለአንዱ ተመዛኝ ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ለሌላው በቃል፣ ለሦስተኛው በምልክት ቋንቋ ማቅረብ ደረጃውን መንካት አይደለም፤ ደረጃው ራሱ የፈቀደውን መፈጸም ነው። ደረጃው ውስጥ የሌለውን ነገር ደረጃ አድርጎ የያዘው የምዘና መሣሪያውን ያዘጋጀው ሰው ልማድ ነው። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ለማረም ይቀላል፤ መልሱ ተቆጥሮ ያልቃል፣ መዛኙም ከክስ ይድናል። ይህ የቢሮ ምቾት እንጂ የሙያ መስፈርት አይደለም።

እስቲ አንድ ጥያቄ ከነአካሉ እንየው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ግን በአገራችን ፈተና የተፈተነ ሰው ሁሉ ዝርያውን ያውቀዋል፦ «የስፌት መኪና መርፌ ከመቀየሩ በፊት መደረግ ካለባቸው ጥንቃቄዎች ውስጥ የማይካተተው ከሚከተሉት አንዱ ነው።» ከሥሩ አራት ምርጫዎች አሉ፤ ከእነሱም አንዱ «ማሽኑ አለመጥፋቱን አለማረጋገጥ» ይላል። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ጣቱን እየቆጠረ አሉታዎቹን ያጣፋል። አሁን ደግሞ ተመዛኟ መስማት የተሳናት ናት እንበል። የመጀመሪያ ቋንቋዋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፣ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። የጽሑፍ አማርኛ የደረሰባት ዘግይቶ፣ ምልክት ቋንቋ በደንብ ባልቻለ መምህር በኩል ነው። ይህች ልጅ ጥያቄውን ስትሳሳት ምን ለካን? መርፌ መቀየር አለመቻሏን? ወይስ «የማይ»ን ከ«አለመ» ጋር አገናኝቶ መፍታት አለመቻሏን? ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ እየገጠመች ስትውል ይህ ሰዋስው የሚያስፈልጋት በየትኛው ሰዓት ላይ ነው?

መድኃኒቱ ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ያሳፍራል። መርፌው የተሰበረ ማሽን ፊት አስቀምጧት፤ ቀይሪው በሏት፤ እጇን ተመልከቱ። መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ከነካች ታውቃለች። መርፌውን ልትፈታ ወዲያው ከተነሳች አታውቅም፤ ትውደቅ። በዚህ መንገድ ምዘናው አልቀለለም። እንዲያውም ከብዷል፤ ምክንያቱም አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ በግምት ማለፍ ይቻላል፣ ማሽን ፊት ግን ግምት የለም። የሚሰሙትንም በዚሁ ብንመዝናቸው ምን ያህሉ ወረቀቱን አልፈው ማሽኑ ላይ እንደሚወድቁ ማየት ያጓጓኛል።

ስለ ማሽን ካነሳን፣ የተግባር ምዘናው ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በተግባር ስለሆነ ብቻ ንጹሕ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የልብስ ስፌት ምዘና ክፍል ውስጥ የተደረደሩት የፋብሪካ ማሽኖች የሚነዱት በእግር ፔዳል ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ያሰለለባት ሴት በእጅ መዘውር ሲንጀር ላይ ሙያውን ለምዳ፣ የሰፈሩን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ልትኖር ትችላለች። ለሲኦሲ ስትቀርብ «ማሽኑ ይኸውልሽ» ትባላለች። መስፈርቱ ላይ የተጻፈው ስፌቱ ቀጥ እንዲል፣ የክሩ ውጥረት ልክ እንዲሆን፣ ኪሱና እጅጌው በልኩ እንዲገጠም ነው። እግር የሚል የለም። ማሽኑ በእጅ ወይም በክርን በሚነካ መቆጣጠሪያ እንዲነዳ ማድረግ ከባድ ምሕንድስና አይጠይቅም፤ ያም ባይገኝ የለመደችውን ማሽን ይዛ እንድትመጣ መፍቀድ ምንም አይጠይቅም። ተቃዋሚዬ እዚህ ላይ የሚያነሳው ነገር አለው፦ «ቀጣሪው ፋብሪካ ያለው የፔዳል ማሽን ነው፣ እዚያ ሄዳ ምን ልትሠራ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የተሳሳተ ሰው ነው የተጠየቀው። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው መስፋት መቻሏን ነው። ማሽኑን ማስተካከል የቀጣሪው ፋንታ ነው፤ እሷ ደግሞ ፋብሪካ ሳትገባ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ትችላለች፣ ብድር ለመጠየቅም ያንን ወረቀት ትፈልገዋለች። መዛኙ የቀጣሪውን ስንፍና አስቀድሞ ገምቶ በእሷ ውጤት ላይ የሚጽፈው በማን ሥልጣን ነው?

ሌላው የሚወደድ መከራከሪያ ደኅንነት ነው። «የማይሰማ ሰው ብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ማስጠንቀቂያ አይሰማም።» ይህን የሚሉ ሰዎች ከልባቸው እንደሚጨነቁ አልጠራጠርም። ግን መፍጫ ማሽን በሚያጓራበት ወርክሾፕ ውስጥ ሕጉን ያከበረ ሠራተኛ ሁሉ የጆሮ መከላከያ ያደርጋል። ያን ጊዜ የሚሰማውም አይሰማም። ስለዚህ በደንብ የተደራጀ ወርክሾፕ ማስጠንቀቂያውን በሚበራና በሚጠፋ መብራት ጭምር ያደርገዋል፤ ሠራተኞቹም ከኋላ ሰው ሲመጣ በዓይን ለመናበብ ይለምዳሉ። መስማት የተሳነው ብየዳ ሠራተኛ ይህን ልማድ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ያደገ ነው። የደኅንነት ጥያቄ መመለስ የሚቻለው እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሥራው ላይ በመመልከት ነው፤ ከደጅ ሆኖ በግምት አይመለስም።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር ይስተካከላል ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ከወዳጆቼም ጋር እጋጫለሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ ስለ ቅጥር ፈተና የሚለው ነገር በጣም ሚዛናዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈተና የሰውየውን ችሎታ እንጂ የተጎዳ የስሜት ሕዋሱን፣ እጁን ወይም አንደበቱን ማሳየት የለበትም ይልና፣ ወዲያው ደግሞ ፈተናው ሊለካ የተነሳው ያንኑ ነገር ካልሆነ በስተቀር ብሎ ይገታዋል። ያቺ መግቻ ወሳኝ ናት። የአውቶቡስ ሹፌር ማየት አለበት፤ ማየት የሥራው አካል እንጂ የፈተናው ጌጥ አይደለም። ዓይነ ስውር ሆኖ የሹፌርነት ምዘና ይስተካከልልኝ የሚል ቢመጣ አይሆንም ሊባል ይገባል፣ ያለ ይቅርታ። በሌላ በኩል የሒሳብ ሠራተኛ ማየት አለበት ወይ ብትሉኝ መዝገቡ በወረቀት በነበረበት ዘመን አዎ እል ይሆናል፤ ዛሬ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩም በስክሪን ሪደር ይናገራል። ስለዚህ በየሙያው ቁጭ ብሎ ይህ የሥራው ነው፣ ይህ የፈተናው ነው እያሉ መለየት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው። «ለሁሉም አንድ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የተወደደችውም ከዚህ ድካም ስለምትገላግል ይመስለኛል።

ይህ መለየት አዲስ ፍልስፍና እንዳይመስል አንድ የታወቀ ክስ ላንሳ። የተነሳው በአካል ጉዳት ሳይሆን በዘር ምክንያት ነው፤ መርሁ ግን ያው ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዱክ ፓወር የተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር። ጥቁሮችን ዝቅተኛ ደመወዝ ባለው የጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ይቀጥር ነበር። መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1965፣ ኩባንያው ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለሚገባ አዲስ ሠራተኛ ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችን መስፈርት አደረገ፤ አንደኛው ዎንደርሊክ የተባለው አጠቃላይ የማሰብ ፈተና፣ ሁለተኛው ቤኔት የተባለው የሜካኒክስ ፈተና። ፈተናዎቹ ለነጭም ለጥቁርም ቃል በቃል አንድ ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ሲወስን የጠየቀው ፈተናው አንድ መሆኑን አልነበረም፤ ከሥራው ጋር ምን አገናኘው ነበር። ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሳይጠየቁ፣ ፈተናም ሳይፈተኑ የተቀጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጥጋቢ በሆነ ሁኔታ እየሠሩ ነበር። እነሱ ያለ ፈተናው ከሠሩት ፈተናው ምን እየለካ ነው? ኩባንያው መልስ አልነበረውም። እኛም ብንጠየቅ መልስ የሌለን ብዙ ጥያቄዎች በምዘና ወረቀቶቻችን ላይ አሉ።

ሰዓት ለብቻው መነሳት ያለበት ነገር ነው። ተጨማሪ ሰዓት ሲጠየቅ ነው ንዴቱ የሚመጣው፦ «ታዲያ ለኔስ?» እውነት ነው፣ በተጨማሪ ሰዓት የማይጠቀም ተፈታኝ ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባ ፈተና ላይ ይህ ቅሬታ ክብደት አለው፤ ወንበሩ የተቆጠረ ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። ሲኦሲ ላይ ግን ወንበር የለም። ውጤቱ ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው፤ ተመዛኙ የሚተያየው ከደረጃው ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይደለም። በብሬል የሚያነብ ተመዛኝ ሰላሳ ደቂቃ ቢጨመርለት ከጎኑ ካለው ላይ የወሰደው ምንም ነገር የለም። እኔ እስከማስበው ድረስ ይህችን ልዩነት አለማስተዋል ነው ግማሹን ክርክር ያጣመመው፤ ሩጫ ያልሆነውን ነገር ሩጫ አድርገን ነው የምንቀናው።

ቢሆንም ሰዓት እንዳሻ ይሰጥ አልልም። ዋረን ዊሊንግሃምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት፣ በአሜሪካ ታላላቅ የመግቢያ ፈተናዎች ላይ ለአካል ጉዳተኞች የተደረጉ ማስተካከያዎችን ለዓመታት የመረመረ ጥናት አለ። በአብዛኛው የተስተካከለው ፈተና ከመደበኛው ጋር የሚነጻጸር ሆኖ አገኙት፤ የጎረበጣቸው ሰዓቱ ነበር። ሰዓቱ እንደልብ ሲለቀቅ ውጤቱ በኋላ በትምህርት ላይ ከሚታየው ችሎታ ከፍ የሚልባቸው ተፈታኞች ነበሩ። የመከሩትም ሰዓቱ ይከልከል ሳይሆን ለክቶ ይሰጥ ነበር። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው። ሙያው ፍጥነት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል መተየብ መስፈርቱ ላይ ካለ፣ ፍጥነቱ ለሁሉም ይለካ፤ ዓይነ ስውሩም በደቂቃ ይህን ያህል ይተይብ። ግን የሚገለብጠውን ጽሑፍ በታተመ ወረቀት አትስጡት፤ በድምፅ ስጡት። ፍጥነት የሙያው ባልሆነበት ቦታ ደግሞ ሰዓቱ የተወሰነው ለመዛኙ ምሳ ሰዓት ሲባል ነውና አንጨቃጨቅበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ማስተካከያ ይደረግና ውጤቱ ላይ ምልክት ይቀመጥበታል። አሜሪካ ውስጥ እጆች የሌሉት አንድ ሰው ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚሰጠውን ጂማት ተፈተነ፤ በኳስ የሚንቀሳቀስ የኮምፒውተር መጠቆሚያና ሩብ ያህል ተጨማሪ ሰዓት ተፈቀደለት። ውጤቱ ለትምህርት ቤቶች ሲላክ ግን በልዩ ሁኔታ የተገኘ ነው የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ነበር። ሰውየው ፈተናውን ያዘጋጅ የነበረውን ኢቲኤስ የተባለ ድርጅት ከሰሰ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2001 በስምምነት ሲያልቅ ድርጅቱ በበርካታ ፈተናዎቹ ላይ ማስታወሻውን አነሳ፣ ከ2003 ጀምሮም ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ያንኑ ተከተለ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሰዓቱ የተጨመረው ውጤቱ እውነተኛ እንዲሆን ከሆነ እውነተኛ ነው፤ ማስታወሻ አያስፈልገውም። እውነተኛ ካልሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ መስጠት አልነበረብንም። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

አሁን ወደ ርኅሩኆቹ ልምጣ፤ ከፊተኞቹ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚያስቸግሩኝ። «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር መዛኙ ፊት ሰው ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ትለሰልሳለች። መዛኙ ያያል፣ አንጀቱ ይላወሳል፣ «ምን ላድርጋት እሷን፣ ትለፍ» ብሎ ይፈርማል። ተመዛኟ ደስ ብሏት ትወጣለች። ፋብሪካው ይቀጥራታል፤ ኮሌታ መግጠም አትችልም። አለቃው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታለለው፤ ከዚያ ወዲህ መስማት የተሳናት ሴት በበሩ ላይ ስትቆም የሚያስታውሰው ያቺን ነው። የርኅራኄ ፊርማው ዋጋ የተከፈለው በሚቀጥለው ዓመት፣ ሙያውን በሚገባ በቻለች፣ መዛኙን ፈጽሞ በማታውቅ ሌላ ሴት ነው። ጭካኔውና ርኅራኄው ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሰውየው ምን እንደሚችል ሳያውቁ ነው የሚፈርሙት።

የዚሁ ርኅራኄ ሌላ መልክ ሙያ መመደብ ነው። ለዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተርነት፣ መስማት ለተሳነው ልብስ ስፌትና እንጨት ሥራ፣ እግሩ ለማይሄድ የእጅ ጥበብ። እነዚህን ሙያዎች አልንቅም፤ ብዙ ሰው አብልተዋል። ነውሩ ዝርዝሩ የሰውየውን ዝንባሌ ሳይጠይቅ ጉዳቱን አይቶ መመደቡ ላይ ነው። እዚህ ላይ «የዝንባሌ ፈተና እንስጣቸውና በሳይንስ እንመድባቸው» የሚል ዘመናዊ ድምፅ ይሰማል። ፈተናዎቹ ግን ምን እንደሆኑ ይታወቃል። የአሜሪካ የሥራ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተጠቀመበት ጂኤቲቢ የተባለው ታዋቂ ስብስብ አሥራ ሁለት ንዑሳን ፈተናዎች ነበሩት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥብቅ ሰዓት የሚሠሩ፣ የጣትና የእጅ ቅልጥፍናን በቀዳዳ ሰሌዳና በትናንሽ ብረቶች የሚለኩ ጭምር። ሴሬብራል ፖልሲ ያለበት ወጣት እዚያ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ የሚታየው የእጁ መንቀጥቀጥ ነው፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ ፈተና አያስፈልግም ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ይችል እንደሆነ ሰሌዳው አይናገርም። የዝንባሌ ፈተና ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ውጤቱ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚሰጠው የሚለውን ይሁን፤ መለኪያው ሲሠራ እሱን የመሰለ ሰው አንድ እንኳ ካልተሳተፈ ቁጥሩ ስለ እሱ የሚለው ነገር የለም።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎችማ ወረቀት ጨርሶ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህን ሰዎች ለመመዘን እስካሁን ከተሞከረው ሁሉ የተሻለው ሥራውን ራሱን ከፍሎ፣ ቆርጦ ሰጥቶ፣ በቀናት ውስጥ ደጋግሞ ማየት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የነበረ አንድ የተሐድሶ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ታወር በተባለ ስልቱ፣ በመሠረቱ ለአካል ጉዳተኞች፣ ይህን ዓይነት ምዘና ሲሠራ ኖሯል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ውድ ነው። ግን መጀመሪያ ቀን ላይ ሣጥን ማሸግ ያቃተው ልጅ አራተኛው ቀን ላይ ሲችል ካየህ፣ መጀመሪያ የለካኸው ችሎታውን ሳይሆን እንግድነቱን እንደነበር ትረዳለህ። የአንድ ጠዋት ፈተና ይህን ማየት አይችልም።

«አቅም የለንም» የሚለው መከራከሪያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የተናገረውም ሰው ሁልጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል። በከፊል እውነት ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንደልብ አይገኝም፤ ሆኖም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ማሠልጠን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል፣ ከዚያ የወጡ ሰዎች አሉ። የብየዳ ቃላትን በምልክት የማያውቅ አስተርጓሚ ምዘናው ጠዋት ላይ ተጠርቶ ቢመጣ ግን ምንም አይፈይድም፤ ቀድሞ መሣሪያዎቹን ማየት፣ ከተመዛኙ ጋር በየምልክቱ መስማማት አለበት። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ስልክ መደወል ነው። ጥያቄን ከድርብ አሉታ ማላቀቅ ምን ያስወጣል? ፊደሉን ማተለቅስ? አንባቢ መመደብ፣ ጠረጴዛውን ዝቅ ማድረግ፣ ምዘናውን ፎቅ ላይ ከማድረግ ምድር ቤት ማድረግስ? ውድ የሆነውን አስቀድሞ በማንሳት ነፃ የሆነውን ሁሉ የመሸሽ ዘዴ ነው ይሄ፤ በሌላ ጉዳይም እናውቀዋለን።

ሕጉን በተመለከተ ብዙም አልደክምም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 መግቢያው ላይ የቀድሞውን ሕግ የሚነቅፈው፣ ቦታ በመከለል አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ የሚመስል ገጽታ ፈጥሯል ብሎ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪው ከእኛ ቀድሞ ችሮታን ገፍቶታል። በዚያው አዋጅ የእኩል ዕድልን የሚያጣብብ መምረጫ መስፈርትም፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግም መድልዎ ነው። አዋጁ የሚያወራው ስለ ቅጥር እንጂ ስለ ሲኦሲ አይደለም የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ቀጣሪው ሲኦሲ የሌለውን ማመልከቻ ካልተቀበለ ግን መምረጫ መስፈርቱ ሲኦሲው ነው፤ መድልዎው አንድ ቢሮ ቀደም ብሎ ተፈጸመ እንጂ አልቀረም። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቅነው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሙያ ሥልጠናን ከተመጣጣኝ ማመቻቸት ጋር አያይዞ ነው የሚያነሳው።

እኔ የምጠይቀው ነገር ትንሽና አሰልቺ ነው። የምዘና መሣሪያ ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ጥያቄና እያንዳንዱ የተግባር ትእዛዝ ከጎኑ የሚለካው የአፈጻጸም መስፈርት ቁጥር ይጻፍበት። ቁጥር የማይገኝለት ጥያቄ ይውጣ፤ ለሚያዩትም፣ ለሚሰሙትም ጭምር ይውጣ። የምዝገባ ቅጹ ላይ ተመዛኙ በምን መንገድ እንደሚመዘን የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመር፤ ጉዳቱን እንዲዘረዝር የሚያስገድድ ሳይሆን ምን ቢመቻችለት እንደሚሠራ የሚጠይቅ። መሣሪያው ከመታተሙ በፊት ሙያውን የሚሠሩ አካል ጉዳተኞች ይሞክሩት፤ አሉ፣ በየሱቁና በየወርክሾፑ እየሠሩ ነው፣ የት ላይ ወረቀቱ እንደሚያደናቅፍ በአንድ ከሰዓት ያሳያሉ። ገና ብቁ ያልሆነ የተባለ ተመዛኝም ውጤቱን ሲቀበል በየትኛው መስፈርት እንደወደቀ ቁጥሩን ጠቅሶ የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ ማዕከሉ በጽሑፍ ይመልስለት፤ የጠቀሰው ምክንያት ከመስፈርቶቹ ዝርዝር ውስጥ ካልተገኘ ውጤቱ ይሰረዝና ምዘናው ያለ ክፍያ ይደገምለት።